የፎም ክንፍና የዋሺንግተን ሰማይ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ለልደት መናፈሻ ከወጣነው ሰዎች ፈንጠር ብሎ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ገደማ ልጅ ነጭ የፎም አውሮፕላን ታቅፎ ቆሟል። አባቱ ሪሞቱን ከቦርሳ ያወጣል። ሞተሯ ገና ሳይነሳ የመናፈሻው ሠራተኛ ደረሰ። አልተቆጣም። «እዚህ አይቻልም፤ ዋሺንግተን ነው» ብሎ መንገዱን ቀጠለ። አባትየው «በል እንግዲህ፣ ኳስ እንጫወት» አለው። ልጁ ኳሱን ዞር ብሎም አላየው።

ነገሩ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም። በዚህ ከተማ ድሮን ማስነሳት ክልክል መሆኑን የማያውቅ የለም፤ የሠርግ ቪዲዮ አንሺዎቻችን ነግረውን ጨርሰዋል። ግን ያቺ አውሮፕላን ካሜራ የላትም፣ በራሷ መንገድ የምትፈልግ ኮምፒዩተር የላትም፣ ከፎም ሰሌዳ በቢላና በትኩስ ሙጫ የተሠራች ናት። ይመለከተዋል ወደተባለው መሥሪያ ቤት ደወልኩ። ያነጋገሩኝ ኃላፊ ትሁት ሰው ናቸው፤ ጥያቄዬን በጽሑፍ እንድልክ ጠየቁኝ፤ ላክሁ። ልጆች የሠሯት የፎም አውሮፕላን በዚህ አካባቢ ያደረሰችው ጉዳት አለ ወይ የሚል ነበር። ይህ እስከሚታተም ድረስ መልስ አልመጣም።

መልስ ያገኘሁት ዉድብሪጅ ከሚኖሩ አንድ ጡረተኛ ነው። በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል ውስጥ የአውሮፕላን ኤሌክትሪሺያን ነበሩ። ስማቸው እንዲጻፍ አይፈልጉም። «የሞዴል አብራሪዎች ክለቡ ያውቀኛል፣ ይበቃል። ዕድርተኛው ሽማግሌው በአሻንጉሊት ይጫወታል ብሎ እንዲስቅብኝ አልፈልግም» ይላሉ። መኪናቸው ውጭ ያድራል፤ ጋራዡ የክንፍ ነው። ጣሪያው ላይ ክንፍ፣ ግድግዳው ላይ ክንፍ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በፎቶግራፍ ብቻ እየተመሩ የጀመሯት «ፀሐይ» አለች፤ በ1935 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ ጣሊያን ወስዶ በጥር 2024 የመለሳት ያቺ አውሮፕላን። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«ፎሙን ከዶላር ትሪ ነው የምገዛው» አሉ ሰሌዳውን እየዳበሱ። ድሮ አንድ ዶላር ነበር፣ አሁን ጨምሯል። በአንድ በኩል ያለውን ወረቀት ልጠው፣ ክንፉን አጥፈው፣ ውስጡ ማጠንከሪያ ከተው በሙጫ ያጣብቁታል። መካከለኛ አውሮፕላን በጥቂት ሰሌዳዎች ያልቃል። ከባዱ ሥራ ግን መቁረጡ ሳይሆን ሚዛኑ ነው። ክንፉን ከፊት ጠርዙ እስከ ኋላው ለክቶ፣ ከፊት ሩብ ላይ እስከ ሲሶው ባለው ቦታ በሁለት ጣት ሲያነሷት ቀጥ ብላ መቆም አለባት። ካልቆመች ባትሪው ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋል። «ስሚ ልጄ፣ አፍንጫዋ ከከበደ ታስቸግርሻለች። ጭራዋ ከከበደ ግን አታስቸግርሽም፣ ወዲያው ትገላገያታለሽ።»

ጉልበቱን በዋት ያሰሉታል። ለአንድ ኪሎ ክብደት 110 ዋት ገደማ ካለ ረጋ ብላ ትበራለች፤ 220 ከደረሰ በአየር ላይ መገለባበጥም ትችላለች። ሦስት ሴል ያለው የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ 11.1 ቮልት ነው፤ ሞተሩ 15 አምፔር ሲስብ 166 ዋት ገደማ ይሆናል፤ ስምንት መቶ ግራም ለምትመዝን የፎም አውሮፕላን ከበቂ በላይ ነው። ይህን ሲያስረዱ ድምፃቸው ይለወጣል፤ ዩኒፎርም የለበሱ ይመስላል።

ስለ አደጋ ሲናገሩ ደግሞ ቀልድ የለም። የግራ አውራ ጣታቸው ላይ ጠባሳ አለ። «ቤንዚን ሞተር ጣት ሲገባበት ሊጠፋ ይችላል። ይሄ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ሲያዝ ብዙ ካረንት ይስባል፣ ይብስበታል እንጂ አይቆምም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ስሠራ ፕሮፔለር የለም። የመጨረሻው ዕቃ እሱ ነው።» መጀመሪያ ሪሞት ይከፈታል፣ ከዚያ ባትሪ ይሰካል፤ ሲጨርሱ ባትሪው ቀድሞ ይነቀላል፣ ሪሞቱ መጨረሻ ይዘጋል። ከመነሳት በፊት የሪሞቱ ዱላ ወደ ቀኝ ሲገፋ የቀኝ ክንፍ ኤለሮን (የኋላው ተንቀሳቃሽ ጠርዝ) ወደ ላይ መነሳቱን በዓይን ያያሉ፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ ተገልብጦ ተገናኝቶ ከሆነ አውሮፕላኗ ከመሬት በተነሳች ቅጽበት ታሪኳ ያበቃል። ፕሮፔለሩ ሳይገጠም ሪሞቱን አጥፍተው ሞተሩ በራሱ መቆሙንም ይፈትናሉ። የሬዲዮ ግንኙነት ሲቋረጥ የማይቆም ሞተር ይዞ ሜዳ የሚመጣን ሰው ክለቡ አያስነሳውም።

ባትሪው የራሱ ሥርዓት አለው። እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፤ እሳቸው 3.5 ሳይደርስ ያሳርፋሉ፣ ለማስቀመጥ 3.8 ላይ ይተዉታል። ባለ 2200 ሚሊአምፔር ሰዓት ባትሪ በ2.2 አምፔር ይሞላል፣ እሳት የማይይዘው ነገር ላይ፣ ሰው እያየው። ያበጠ ከሆነ ሥራው አብቅቷል። «ተኝቼ ቻርጅ አላደርግም። ባለቤቴ ቡና እያፈላች፣ እኔ ባትሪ እየጠበቅሁ፣ ሁለታችንም እሳት ስንጠብቅ እናመሻለን።»

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ በአዋጅ የመጣ አይደለም። እዚህ ላይ ከሚገባው በላይ ያነበብሁት ታሪክ ስላለ አንባቢ ይታገሠኝ። ዋልተርና ዊልያም ጉድ የሚባሉ መንታ ወንድማማቾች በ1937 ሚሺጋን ግዛት ካላማዙ ውስጥ «ጋፍ» የምትባል በሬዲዮ የምትመራ አውሮፕላን አበረሩ፤ ዛሬ ስሚዝሶኒያን የአየርና የጠፈር ሙዚየም ውስጥ ትገኛለች። ዋልተር በኋላ በጆንስ ሆፕኪንስ የተግባራዊ ፊዚክስ ላቦራቶሪ የሠራ ሲሆን፣ ሜሪላንድ ያለው የዋሺንግተን አካባቢ ክለብ ሜዳ በስሙ ይጠራል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ዘግይቶ መጣ። ሰኔ 30 ቀን 1957 እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን ከጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ በተገኘ ሞተርና በብር-ዚንክ ባትሪ «ሬዲዮ ኩዊን»ን አስነሳ። ጀርመን አገር ፍሬድ ሚሊትኪ ይህንኑ ሲሞክር ኖሮ፣ በ1973 በእሱ ሐሳብ የተሠራች አውሮፕላን ኦስትሪያ ውስጥ ሰው ጭና በባትሪ በረረች። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የኤሌክትሪክ ሞዴል ማለት ከባድ የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ተሸክሞ ለጥቂት ደቂቃ መንፈራገጥ ነበር። ነገሩን የለወጠው በ2000ዎቹ መጀመሪያ የገባው ሊቲየምና ብሩሽ የሌለው ሞተር ነው።

ሬዲዮውም የራሱን ሥርዓት አበጅቶ ነበር። በ72 ሜጋኸርትዝ ዘመን ሁለት ሰው በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈተ ቢያንስ የአንዱ አውሮፕላን መውደቁ ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ ሰሌዳ ይሰቀላል፣ የየቻናሉ መቆንጠጫ ይደረደራል፤ መቆንጠጫውን ያልያዘ ሰው ሪሞት አይነካም። 2.4 ጊጋኸርትዝ መጥቶ ሰሌዳውን ጡረታ እስኪያወጣው ድረስ ይህን ያስከበረ ፖሊስ አልነበረም።

መንግሥትም ይህን ያህል አልተጨነቀም። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍኤኤ፣ በ1981 ያወጣው ምክር አጭር ነበር፤ ከ400 ጫማ በላይ አትውጡ፣ ከሰው ራቁ፣ ኤርፖርት አጠገብ ከሆናችሁ አሳውቁ። ውዴታ እንጂ ግዴታ አልነበረም። የመስከረም 2001 ጥቃት ዋሺንግተንን ለወጣት። በ2003 በከተማዋ ዙሪያ የተዘረጋው የተከለከለ ሰማይ በ2009 ቋሚ ሆነ፤ ውጨኛው ቀለበት 30 ማይል ገደማ፣ ጥብቁ ውስጠኛው 15 ማይል ገደማ። በ2011 ደግሞ ማሳቹሴትስ ውስጥ አንድ ሰው በሪሞት የሚመሩ የጦር ጄት ሞዴሎችን ፈንጂ ጭኖ ፔንታገንንና ካፒቶልን ለመምታት አቅዷል ተብሎ ተያዘ፤ 17 ዓመት ተፈረደበት። ስለዚህ ፍርሃቱ ከባዶ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። አደጋውም እውነት ነው፤ በ2013 ብሩክሊን ውስጥ አንድ የ19 ዓመት ወጣት ራሱ በሚያበረው የሞዴል ሄሊኮፕተር ተመትቶ ሞቷል።

በዚያው በ2011 ራፋኤል ፒርከር የተባለ የስዊስ ዜጋ ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ላይ «ዜፈር» የምትባል በባትሪ የምትሠራ የፎም ክንፍ አብርሮ ቪዲዮ አነሳ። ኤፍኤኤ በግዴለሽ በረራ 10,000 ዶላር ቀጣው። መጋቢት 2014 ዳኛው ሞዴል አውሮፕላንን የሚገዛ ደንብ የለም ብለው ቅጣቱን ሰረዙ። ኅዳር ላይ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ውሳኔውን ገለበጠ፤ ሞዴልም ሕጉ «አውሮፕላን» ከሚለው ውስጥ ይገባል አለ። ፒርከር ጥፋት ሳያምን በ1,100 ዶላር ተስማማ። ከዚያ ወዲህ የአሌክሳንድሪያው ልጅ የታቀፋት ፎምም በሕግ ፊት አውሮፕላን ናት።

ታኅሣሥ 2015 የግዴታ ምዝገባ መጣ፤ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ሁሉ አምስት ዶላር ከፍሎ ቁጥር ይለጥፍ ተባለ። በዚያው ወር በ30 ማይሉ ውስጥ ያሉ ክለቦች ሜዳቸውን ዘጉ። «የፈረንጅ ገና ሰሞን ነበር» ይላሉ ጡረተኛው። «አንዱ ሰክሮም ይሁን ተሳስቶ ዋይት ሀውስ ሣር ላይ ድሮን ጣለ፤ ለድሮን የተነሳው ዱላ እኛ ላይ አረፈ። ስልሳ ዓመት ሙሉ የበረሩ ሽማግሌዎች ሜዳው በር ላይ ቆመው ሣሩን ያዩ ነበር።» የካቲት 2016 ከ15 ማይል ውጭ ያሉት ተከፈቱ። ከውስጥ ያሉት አልተከፈቱም።

ጆን ቴይለር የሚባል የዋሺንግተን አካባቢ ጠበቃ፣ እሱም ሞዴል አብራሪ፣ ለራሱ ጠበቃ ሆኖ ኤፍኤኤን ከሰሰ። ግንቦት 2017 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ረታለት፤ ኮንግረስ በ2012 በሞዴል አውሮፕላን ላይ አዲስ ደንብ እንዳይወጣ ከልክሎ ነበርና ምዝገባው ሕገወጥ ነው ተባለ። ውሳኔውን የጻፉት በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆኑት ብሬት ካቫና ናቸው። ድሉ ግን ዓመት አልሞላም፤ በታኅሣሥ ኮንግረስ ምዝገባውን መለሰው፣ በ2018 ደግሞ ያን የ2012 ከለላ ራሱን ሻረው። በዋሺንግተን ቀለበት ላይ ያቀረበው ክስማ በስልሳ ቀን ውስጥ አላቀረብክም ተብሎ ሳይታይ ወደቀ። ለእኛ ሰፈር ልጆች የሚጠቅመው ያ ነበር።

አሁን ያለው ይኸው ነው። ለመዝናናት የሚያበር ሰው ትረስት የሚባለውን ነፃ የኢንተርኔት ፈተና ይወስዳል፤ ከ250 ግራም በላይ ከሆነ ይመዘገባል፤ ከመጋቢት 2024 ወዲህ ደግሞ አውሮፕላኗ ማንነቷንና ያለችበትን በሬዲዮ የምታሰማ መሣሪያ ትይዛለች፣ ኤፍኤኤ ባጸደቀው የክለብ ሜዳ ካልሆነ በቀር። በውስጠኛው ቀለበት ግን ይህን ሁሉ ቢያሟላም ያለ ልዩ ፈቃድ አይነሳም፤ ከ250 ግራም በታች መሆንም አያድንም። አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሁሉም ውስጥ ናቸው፤ ማለትም የኢትዮጵያዊው ቤት፣ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ያለበት። ዉድብሪጅ ውጭ ነው። ቅዳሜ የሚሠራ ወላጅ ልጁን ወደዚያ የሚያደርስበት ጊዜ የለውም።

የእኔን ፍርድ ልናገር። ሕጉ የተጻፈው ከሣጥን ወጥቶ በራሱ ለሚቆም፣ ከደመና ላይ ቪዲዮ ለሚልክ ማሽን ነው። ዓይን የምታያትን ያህል ብቻ የምትርቅ፣ እጅ ከለቀቃት የምትወድቅ የፎም አውሮፕላን ከዚያ ጋር በአንድ ሚዛን መመዘኗ ስንፍና ነው። ኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር ይበር የሚል የለም። ግን በቀለበቱ ውስጥ አንድ የታጠረ ሜዳ፣ ከፍታው ከዛፍ የማይበልጥ፣ ክለብ የሚጠብቀው፣ ለልጆች ቢፈቀድ የትኛው ፀጥታ ይናጋል? ጥያቄውን በጽሑፍ ልኬዋለሁ።

ወደ አገር ቤት ለወንድም ልጅ ይዤ ልሂድ ለሚል ሁለት ነገር ልንገረው። ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው አይገባም። ድሮን ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት ደግሞ አስቀድሞ የአገሪቱ የመረብ ደኅንነት መሥሪያ ቤት የኢንሳ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቦሌ ላይ የጉምሩክ ሠራተኛው ፎሟን ከድሮን ለይቶ ያያታል ብሎ መተማመን አይቻልም።

ሕጉ እስኪታረም አንድ በር ክፍት ነው። ኤፍኤኤ የሚገዛው ደጁን ነው፤ ጣሪያ ሥር ሥልጣን የለውም። ክብደቷ ከሃምሳ ግራም የማይበልጥ፣ ቀስ ብላ የምትዞር የፎም አውሮፕላን ለቅርጫት ኳስ አዳራሽ ተብላ የተሠራች ያህል ናት። የዓይን መከላከያ መነጽርና ተመልካቹን የሚለይ መረብ ይበቃታል። ጡረተኛው ፎሙን፣ ሙጫውንና ሞተሩን በራሳቸው ወጪ እንደሚያቀርቡ፣ ማስተማሩንም እንደሚችሉ ነግረውኛል። የጎደለው ቦታ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ አዳራሽ ያላችሁ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶችና የማኅበረሰብ ማዕከላት፣ በዚህ ክረምት አንድ የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስጧቸው።