የኩል ቀለህ

አያቴ ኩሏን የምታኖረው በጥይት ቀለህ ውስጥ ነበር። ጅማ መንደራ ቆጪ በነበረው ቤታችን ከመስተዋቱ ሥር ሁለት ቀለሆች ይቀመጡ ነበር። አንዱ የሌባ ጣት ያህል ረዝሞ፣ ወገቡ ወፍሮ፣ አንገቱ ላይ እንደ ጠርሙስ የጠበበ ነው። ሌላው አጭር፣ ከታች እስከ ላይ እኩል የሆነ፣ ጨርቅ ጠቅጥቃበት መርፌ የምትሰካበት ነው። ረጅሙን “የውጅግራ ነው”፣ አጭሩን “የጣልያን ሽጉጥ ነው” ትል ነበር። ልጅ ሳለሁ አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር፤ የሁለቱም አፍ ትንሿን ጣቴን እኩል ነው የሚይዛት።

ብዙ ሰው ጠመንጃንና ሽጉጥን በአፈሙዝ ስፋት ይመዝናል። እኔም እንደዚያ ነበርኩ። እነዚህ ሁለት ቀለሆች ግን ኃይሉ ያለው ስፋቱ ላይ ሳይሆን ከአረሩ ጀርባ ባለው ክፍት ቦታ ውስጥ መሆኑን አስተማሩኝ።

ውጅግራ የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው “ፉዚ ግራ” የመጣ ነው፤ ጠመንጃው በሠሪው በባዚል ግራ ስም ይጠራ ነበር። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊቷ ተቀበለችው፤ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰው ለበል ሲመጣ ግን አሮጌ ሆነ። ለአውሮፓ ያረጀው ለእኛ አላረጀም፤ በባሕር ዳርቻ ወደቦች በኩል ገብቶ የምኒልክ ሠራዊት ዋና መሣሪያ ከሆኑት አንዱ ሆነ። ስፋቱ 11 ሚሊ ሜትር፣ የቀለሁ ቁመት 59 ሚሊ ሜትር ነው። 5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ ይጎርስና 25 ግራም እርሳስ በሴኮንድ 450 ሜትር ገደማ ያስወነጭፋል።

አጭሩ ቀለህ የቦዴዮ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1889 ያወጣችው ይህ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ስፋቱ 10 ነጥብ 35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከውጅግራ የሚያንሰው በጥፍር ስስነት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አረሩ ግን 11 ግራም ገደማ፣ ፍጥነቱም 250 ሜትር አካባቢ ነው። ሂሳቡን ስሠራው የውጅግራ ምት የቦዴዮን ሰባት እጥፍ ያህል ሆኖ አገኘሁት። በአድዋ፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ይኸው ልዩነት በአንድ ሠራዊት ውስጥ ይታይ ነበር፤ የጣልያን ወታደር የያዘው ቬተርሊ ጠመንጃና መኮንኑ የታጠቀው ቦዴዮ ስፋታቸው አንድ ነው። የቬተርሊው ቀለህ 47 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቦዴዮው ግን የዚያን ግማሽ አይሞላም። ቦዴዮ ከአርባ ዓመት በኋላም ከጣልያኖች ጋር ተመልሶ መጣ። ጅማ የጋላና ሲዳሞ የተባለው ግዛታቸው መቀመጫ ሆና ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር እስኪይዛት ድረስ ቆየች። የአያቴ መርፌ መሰኪያም ከዚያ ዘመን የቀረ ነው።

በዚያው ዘመን የነበሩት ሌሎች ሰፋፊ የሽጉጥ ጥይቶችም መንገዳቸው ተመሳሳይ ነው። የአሜሪካው 45 ኮልት እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ 16 ግራም ተኩል የሚመዝን አረር ይተኩሳል። የእንግሊዙ 455 ዌብሊ ደግሞ 17 ግራም የሚደርስ ከባድ እርሳስ በሴኮንድ ከ200 ሜትር ባነሰ ፍጥነት ይልካል። ከባድና ዝግተኛ ናቸው፤ ለቅርብ ርቀት የተሠሩ በመሆናቸው ለሥራቸው በቂ ነበሩ።

አሁን ወደ ቀለሁ ልመለስ፤ ልቤ ያለው እዚያ ነው። ጥይት ሲተኮስ እርሳሱ ይሄዳል፣ ባሩዱ ይነዳል፣ ቀለሁ ይቀራል። ከናስ የተሠራው ቀለህ የጥይቱ ውድ ክፍል ነው፤ ደግሞም ይሞላል። ባሩዱን የምታቀጣጥለው፣ የተመታችው ካፕሱል ከሥሩ ተፈንቅላ ትወጣለች፤ በተኩስ የተነፋው ናስ ተጨምቆ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ አዲስ ካፕሱል፣ አዲስ ባሩድ፣ አዲስ እርሳስ ይገባለታል። በጅማው ንጉሥ በአባ ጅፋር ዳግማዊ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932፣ የሂርማታ ሐሙስ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ በብዙ ቦታ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። እንዲህ ባለ አገር ባዶ ቀለህ ሜዳ ላይ ተጥሎ አይቀርም።

ባሩድ በአገር ውስጥ ይቀመም ነበር፤ ከሰሉ ከእንጨት፣ ድኙ ከአፋር ቆላ፣ ሦስተኛው ከአፈር ታጥቦ ከሚነጠር ጨው። እርሳስም ቀልጦ በቅርጽ ማውጫ ይፈስ ነበር። እጅ የሚያስረው ካፕሱሉ ነበር። ገጣሚው አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1887 ለምኒልክ ያመጣቸው 2 ሺህ ገደማ ጠመንጃዎች በአፈሙዝ የሚጎርሱ አሮጌዎች ነበሩ፤ እነሱም እንኳ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ካፕሱል ይፈልጉ ነበር። ጥፍር የማታህል ቆብ የአንድን ሠራዊት እጅ ትይዛለች።

ጥቁር ባሩድ ቀለህ ለሚሞላው ሰው ምሕረት ነበረው። ቀለሁን ይሞላዋል፤ ሁለት ጊዜ ልስፈር ቢሉ ይፈስሳል፣ ስህተቱ በዓይን ይታያል። ጭስ አልባው ባሩድ ግን ጥቂቱ ብርቱ ነው፤ በሰፊ ቀለህ ውስጥ ሁለት ስፍር ሳይታወቅ ተደራርቦ ይገባና የሽጉጡን ቋት ያፈነዳል። ስለዚህ ይህን ቀለህ የመሙላት ሥራ እንደ ቀላል የቤት ሙያ የሚያወራ ሰው ያስፈራኛል። በእኛ አገርም በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ያለ ፈቃድ ጥይት ማምረት ክልክል ነው፤ ልክም ነው።

የዚህ ሙያ ስመ ጥር ሰው አሜሪካዊው ከብት ጠባቂና አዳኝ ኤልመር ኪት ነው። 45 ኮልቱን በራሱ እጅ በተሞላ ብርቱ ጥይት አፈነዳው። ከዚያ ወደ 44 ስፔሻል ዞረ፤ ጥይቱ ቀጠን ስለሚል ቋቱ ላይ የሚቀረው የብረት ግድግዳ ይወፍራል። ለዓመታት ሞላ፣ ተኮሰ፣ ፋብሪካዎችን ወተወተ። እ.ኤ.አ. በ1955 “44 ማግነም” የተባለው ጥይት ተወለደ። ቀለሁ ከ44 ስፔሻል በ3 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዲረዝም ተደርጎ ነው የተሠራው፤ በአሮጌዎቹ ደካማ ሽጉጦች ውስጥ እንዳይገባ። ስፋቱ አልተነካም።

የኪትን ታሪክ ሳነብ የአያቴን ረጅም ቀለህ አውጥቼ እንደገና አየሁት። በሥሩ ያለችው ካፕሱል የጠመንጃው መርፌ የመታት ጉድጓድ አለባት። አንገቱ ላይ ደግሞ በልጅነቴ ጭረት የመሰለኝ ቀጭን መስመር አለ፤ ስንጥቅ ነው። ናስ በተተኮሰና በተጨመቀ ቁጥር ይደርቃል፣ በመጨረሻም የሚሰነጠቀው ከአንገቱ ላይ ነው። ስንጥቁ ውስጥ ሰም ተጠቅጥቋል፣ ኩሉ እንዳይፈስ።