ለረጅም ርቀት ትራያትሎን ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የጉዞና የዕቃ ዝግጅት

ዕቃን ከአገር ወደ አገር በማስተላለፍ የሚኖር ነጋዴ ሁሉ እንደሚያውቀው፤ መርከብ ቢዘገይ የዕቃው ዋጋ ይቀንስ ይሆናል እንጂ ዕቃው ጨርሶ ከንቱ አይሆንም። ገዢው ይቈጣል፤ ሻጩ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ደብዳቤ ይጻጻፋሉ፤ በመጨረሻም በአንድ ነገር ይስማማሉ። ነገር ግን በአንድ ቀን ብቻ ዋጋ ያለው፤ በማግሥቱ ግን ለምንም የማይጠቅም ጭነት አለ። ከዚህ ዓይነቱ አንዱ ለረጅም ርቀት ትራያትሎን የሚሄድ ስፖርተኛና አብሮት የሚጓዘው ሳጥን ነው።

ትራያትሎን ማለት ሦስት ውድድር በአንድ ቀን ሳይቋረጥ የሚካሄድበት ስፖርት ነው። ረጅሙ ርቀት 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፤ 180 ኪሎ ሜትር ቢስክሌት፤ ከዚያም በላይ 42.195 ኪሎ ሜትር የማራቶን ሩጫ ነው። ሰው ለዚህ ብዙ ወራት ከሥራው ሰዓት እየቀነሰ ይለማመዳል፤ ገንዘቡንም ያወጣል። ያ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚያፈራው በአንዲት እሑድ ስለሆነ፤ በዚያች ቀን ቢስክሌቱ በሌላ ከተማ የአውሮፕላን መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ቢገኝ የዓመቱ ሥራ ሁሉ ቀረ ማለት ነው።

ስንቅና ዕቃ በዚህ ስፖርት ውስጥ ምን ያህል ክብደት እንዳላቸው ከመጀመሪያው ውድድር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1978 ፌብሩዋሪ 18 ቀን በሃዋይ፤ ኦዋሁ በምትባለው ደሴት 15 ሰዎች ረጅሙን ርቀት ለመሞከር ተነሡ። በዚያን ጊዜ በመንገዱ ላይ ውኃ የሚያቀርብ አዘጋጅ ስላልነበረ፤ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ የራሱን ረዳቶች ይዞ መጥቶ ነበር። ጆን ደንባር የተባለው ቢስክሌቱን ሲጨርስ ይመራ ነበር፤ ይሁን እንጂ በሩጫው ላይ ረዳቶቹ የያዙት ውኃ አለቀና ቢራ ሰጡት። ጎርደን ሃለር አልፎት በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሴኮንድ አንደኛ ወጣ። ደንባርን ቢራው ብቻ ጣለው ማለት አይቻል ይሆናል፤ የሰውየው ስንቅ አቅራቢ ግን ሥራውን በሚገባ አልሠራም።

ዛሬ ውኃውን አዘጋጆቹ ያቀርባሉ፤ እስከ መነሻው ድረስ ያለው ጉዞ ግን የተወዳዳሪው ኃላፊነት ሆኖ ቀርቷል። ይህን ለማስረዳት በጀርመን አገር፤ በባቫሪያ፤ ከኑረምበርግ ወደ ደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሮት የተባለች ትንሽ ከተማ ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች። በሮት ትራያትሎን ከ1984 ጀምሮ ይካሄዳል፤ ረጅሙ ርቀት ከ1988 ጀምሮ ሲሆን፤ ቻሌንጅ የሚለውን ስም ያገኘው በ2002 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ፍራንክፈርት በቀጥታ የሚበር አውሮፕላን ስላለ፤ ከፍራንክፈርትም እስከ ኑረምበርግ፤ ከዚያም እስከ ሮት የባቡር መስመር ስላለ፤ ከእኛ አገር ለሚነሣ ሰው መንገዱ ቀና ነው። የሰዓቱም ልዩነት በበጋቸው ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ በመሆኑ፤ አሥራ ሦስት ሰዓት ወደ ሚለየው ወደ ሃዋይ እንደሚሄድ ሰው እንቅልፍ አያዛባም።

መንገዱ ቀና ቢሆንም ወረቀቱ ቀና አይደለም። የሮት ምዝገባ ከውድድሩ አንድ ዓመት ያህል አስቀድሞ ተከፍቶ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ስለሚሞላ፤ ተወዳዳሪው የመግቢያውን ዋጋ በውጭ ገንዘብ የሚከፍለው ቪዛ ማግኘቱን ሳያውቅ ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ደግሞ ከጉዞው ከ6 ወር በፊት አይገባም፤ 15 ቀን ሲቀረውም ጊዜው ያልፋል። የ2025ቱ ውድድር ጁላይ 6 ቀን፤ በእኛ ሰኔ 29 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለነበረ፤ ለዚያ ጉዞ ማመልከት የሚቻለው ከገና ግድም ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ከዚህም በላይ በኤፕሪል 2024 የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ባደረገው ውሳኔ፤ የኢትዮጵያውያን ማመልከቻ የሚመረመርበት መደበኛ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን እንዲረዝም ተደርጓል። ደንቡ የሚለወጥ በመሆኑ ከኤምባሲው ማረጋገጥ ያሻል፤ ነገር ግን 45ቱን ቀን ሙሉ ቈጥሮ የቀጠሮውንም ወረፋ ደምሮ፤ ፋሲካ ሳይደርስ ማመልከቻውን ያስገባ ሰው አይጸጸትም።

እዚህ ላይ ነጋዴን በተለይ የሚነካ ነገር አለ። ማመልከቻው በሚመረመርበት ጊዜ ፓስፖርቱ በኤምባሲው እጅ ሊቈይ ይችላል። በዚያ ወራት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንጁ ዕቃ ለመግዛት ያሰበ ሰው፤ ከሁለቱ አንዱን መተው ሊኖርበት ነው። ስለዚህ የዓመቱ የንግድ ጉዞ ዕቅድና የስፖርቱ ዕቅድ በአንድ ወረቀት ላይ ጐን ለጐን ቢጻፉ ይሻላል። ቪዛው ከመገኘቱ በፊት የሚያዘው የአውሮፕላን ቲኬትና ማረፊያ ቤትም፤ ዋጋው ጥቂት ቢጨምር እንኳ፤ የሚሰረዝ ወይም የሚለወጥ ዓይነት መሆን አለበት። የጉዞው የሕክምና ኢንሹራንስ ከ30,000 ዩሮ ማነስ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች በስፖርት ውድድር ላይ ለሚደርስ ጉዳት አይከፍሉም። ውሉን እስከ መጨረሻው ሳያነቡ መፈረም በንግድም የሚያስከትለው ይታወቃል።

ስለ ስምና ስለ ሰዓትም ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ፈረንጆች የቤተ ሰብ ስም ብለው በሚጠይቁት ቦታ አንዱ የአባቱን፤ ሌላው የአያቱን ስም ስለሚጽፍ፤ በቲኬቱ፤ በመመዝገቢያውና በማረፊያ ቤቱ ላይ ሦስት ልዩ ልዩ ሰዎች የተመዘገቡ ይመስላል። በሁሉም ላይ ፓስፖርቱ እንደሚለው ፊደል በፊደል መጻፍ ይገባል። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ በሮት የመጀመሪያዎቹ ዋናተኞች የሚነሡት በእነርሱ አቈጣጠር 6:30 ሲሆን፤ ይህ በእኛ አነጋገር ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። የተቀሩት በየተራቸው ይከተላሉ። ይህን የዘነጋ ሰው እንዳይጠፋ በወረቀቱ ላይ ሁለቱንም አቈጣጠር መጻፍ ነውር የለውም።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንምጣ። ቢስክሌት ለአውሮፕላን የሚታሸገው ፔዳሉና ጎማዎቹ ተፈትተው፤ መሪው ወርዶ ወይም ዞሮ፤ ኮርቻው ዝቅ ብሎ ነው። የጎማው ነፋስ ጥቂት ይቀነስለታል። ከመፈታቱ በፊት የኮርቻውን ከፍታ በቀለም ወይም በፕላስተር ምልክት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ግማሽ ጣት ያህል ስሕተት በ180 ኪሎ ሜትር ውስጥ ጉልበትን ያሳምማልና።

አንድ መደበኛ ሳጥን በግምት 130 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፤ 80 ከፍታ፤ 30 ስፋት አለው እንበል። ከነቢስክሌቱ ሲመዘን ከ20 እስከ 23 ኪሎ ቢሆን ነው። በአየር ካርጎ ብቻውን ቢላክ ግን የሚከፈለው በዚህ ሚዛን አይደለም። የአየር ጭነት ቀላልና ሰፊ ዕቃን በስፋቱ የሚያስከፍል በመሆኑ፤ ሦስቱ ልኮች ተባዝተው ለ6,000 ይካፈላሉ፤ 312,000 ለ6,000 ሲካፈል 52 ኪሎ ይወጣል። ጥጥና ስፖንጅ የሚያስመጡ ሰዎች ይህን ሒሳብ በመራራ ልምድ ያውቁታል። ስለዚህ ሳጥኑን ከመንገደኛው ጋራ እንደ ሻንጣ ማስጫን ብዙውን ጊዜ ይረክሳል። የሦስቱ ልኮች ድምር ግን 240 ሳንቲ ሜትር ሆኖ ከተለመደው ከ158 ሳንቲ ሜትር በእጅጉ ስለሚያልፍ፤ ለአየር መንገዱ አስቀድሞ ማስታወቅና በጽሑፍ ማረጋገጫ መቀበል ግዴታ ነው። በአውሮፕላን ጣቢያው መስኮት ላይ በቃል መከራከር ዋጋ የለውም።

ሳጥኑ ውስጥ መግባት የሌለባቸው ነገሮችም አሉ። መለዋወጫ የሊትየም ባትሪዎች፤ የስልክ መሙያውን ፓወር ባንክ ጨምሮ፤ በእጅ ሻንጣ እንጂ በጭነት አይሄዱም። ብዙ ዘመናዊ ቢስክሌቶች ማርሻቸውን የሚለውጡት በባትሪ ስለሆነ ይህ ደንብ ይመለከታቸዋል። ጎማ የሚነፋባቸው ትንንሽ የጋዝ ቀለሞችም ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አይጫኑም። እነርሱን ከዚህ ከመሸከም እዚያው መግዛት ይቀላል፤ በውድድሩ ሰሞን በሮት የስፖርት ዕቃ ገበያ ስለሚቆም አይታጡም።

በአንጻሩ ጫማ፤ ፔዳል፤ የዋና መነጽር፤ የራስ ቍርና መድኃኒት ከባለቤቱ እጅ መለየት የለባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቢስክሌት ቢጠፋ በጀርመን አገር ሌላ መከራየት ይቻል ይሆናል፤ ለአንድ ሰው እግር የለመደ ጫማ ግን በሁለት ቀን ውስጥ የሚከራይ የለም።

ሻንጣ በብዛት የሚጠፋው ከአንዱ አውሮፕላን ወደ ሌላው ሲዛወር ነውና፤ ቀጥታ በረራ ጥቂት ቢወደድም ተመራጭ ነው። በረራው ቀጥታ ቢሆንም ከውድድሩ ቢያንስ አራት ወይም አምስት ቀን ቀድሞ መድረስ ያስፈልጋል። ይህ ለዕረፍት ብቻ አይደለም። ሳጥኑ በማግሥቱ አውሮፕላን ቢመጣ፤ ደርሶም የተሰበረ ነገር ቢገኝበት፤ ለማሠሪያ የሚበቃ የሥራ ቀን እንዲኖር ነው። በጀርመን አገር እሑድ ሱቆች ይዘጋሉ፤ ስለዚህ ዓርብ ማታ የሚደርስ ሰው በእጁ ያለው የገበያ ቀን ቅዳሜ ብቻ ነው፤ ያም ቀን ቢስክሌት የሚያስረክብበት ነው።

ጉዳት ቢደርስ የሚከተለውን ማወቅ ይጠቅማል። በ1999 በሞንትሪያል በተደረገው ስምምነት መሠረት፤ ሻንጣ ተሰብሮ ሲገኝ በ7 ቀን፤ ዘግይቶ ሲደርስ በ21 ቀን ውስጥ አቤቱታ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። የአየር መንገዱ ኃላፊነት ወሰን ከዲሴምበር 28 ቀን 2024 ጀምሮ 1,519 ኤስ.ዲ.አር. ሲሆን፤ ይህ በግምት 2,000 የአሜሪካ ዶላር ነው። የውድድር ቢስክሌት ከዚህ ብዙ እጥፍ ሊያወጣ ስለሚችል፤ ሳጥኑን ሲያስረክቡ ዋጋውን አስታውቆ ተጨማሪ ሒሳብ መክፈል፤ ወይም ለብቻው ኢንሹራንስ መግባት ይገባል። ሳጥኑ ሲዘጋና ሲከፈት ፎቶግራፍ ማንሣትም ለአቤቱታው ምስክር ይሆናል።

የሮት ልዩ ችግር ሁለት የዕቃ መለወጫ ሥፍራ መኖሩ ነው። ዋናው ሒልፖልትሽታይን በምትባል ከተማ አጠገብ በማይን ዳኑብ ቦይ ውስጥ ይደረጋል፤ ቢስክሌቱም ከዚያ ይነሣል። የቢስክሌቱ ጉዞ የሚያበቃውና ሩጫው የሚጀመረው ግን በሮት በኩል ነው። ስለዚህ የቢስክሌቱ ከረጢት በአንዱ፤ የሩጫው ከረጢት በሌላው ሥፍራ መገኘት አለባቸው፤ የሩጫ ጫማውን በቢስክሌቱ ከረጢት የጨመረ ሰው ከስሕተቱ የሚተዋወቀው 180 ኪሎ ሜትር ከነዳ በኋላ ነው። እያንዳንዱን ከረጢት እንደ መጋዘን ዕቃ በዝርዝር ጽፎ ከቅዳሜ ማስረከቢያው በፊት መቈጣጠር ያስፈልጋል።

ከተማይቱ ትንሽ፤ ተመልካቹ ግን እጅግ ብዙ ስለሆነ፤ በሮት ማረፊያ የሚያገኘው ከብዙ ወራት በፊት የፈለገ ነው። ብዙዎች በኑረምበርግ፤ ሌሎችም ቤታቸውን በሚያከራዩ የአካባቢው ነዋሪዎች ዘንድ ያርፋሉ። በውድድሩ ቀን መንገዶች ስለሚዘጉ፤ በሌሊት ወደ ቦዩ የሚያደርሰውን መኪና ማን እንደሚነዳና በየትኛው መንገድ እንደሚያልፍ አስቀድሞ መወሰን ይገባል።

ስለ ጉምሩክ ደግሞ፤ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ መንገደኛ ለስፖርት የሚገለገልበትንና መልሶ የሚያወጣውን የግል ዕቃ ቀረጥ ሳይከፍል በጊዜያዊነት ማስገባት ይፈቀድለታል። የሚያስቸግረው መመለሻው ሊሆን ይችላል። ከቦሌ ሲነሡ የቢስክሌቱን ቍጥር፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ከፔዳሉ መገጣጠሚያ በታች በብረቱ ላይ የተቀረጸውን፤ በጉምሩክ ሹም ዘንድ ማስመዝገብና የግዢውን ደረሰኝ መያዝ፤ ሲመለሱ አዲስ ዕቃ ነው ከመባል ያድናል። በውድድሩ ላይ የተለወጠ ጎማ ወይም እዚያ የተገዛ ዕቃ ካለ ደረሰኙ ከዚሁ ወረቀት ጋራ ይያያዛል።