«ስንት አስፈረሙ?» ከማለታችን በፊት

ይህ የሚኒ ሚዲያ ክበባችን የዓመቱ የመጨረሻ መጽሔት ስለሆነ የስፖርት ዓምዱን ስለ ክረምት ዝውውር ላድርገው ብዬ አሰብኩ። ምክንያቱም ሰኔ ላይ ሊጉ ቢያልቅም የኳስ ወሬ አያልቅም፤ እንዲያውም ይብሳል። እዚህ ባህል አዳራሽ ፀጉር ቤት ብትገቡ፣ ባጃጅ ብትሳፈሩ፣ የጀበና ቡና የሚሸጥበት ጋ ብታልፉ ጥያቄው አንድ ነው። «ሀዋሳ ከተማ ስንት አስፈረመ? ሲዳማ ቡናስ?» ይባላል። ክለቡ ብዙ ያስፈረመለት ደጋፊ ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል። ትንሽ ያስፈረመለት ደግሞ አንገቱን ይደፋል።

እኔም እንደዛ ነበርኩ። ሀሳቤን ያስቀየረኝ የራሳችን ትምህርት ቤት ቡድን ነው። እሱን መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

ዝውውር ማለት ምን ማለት ነው?

አንድ ተጫዋች ለክለብ ሲጫወት ውል ይፈርማል። በእኛ ሀገር ውሉ ብዙ ጊዜ የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ነው። ውሉ ሳያልቅ ሌላ ክለብ ከፈለገው ሁለቱ ክለቦች መስማማት አለባቸው፤ ፈላጊውም ገንዘብ ይከፍላል። ውሉ ካለቀ ግን ተጫዋቹ ነፃ ነው፤ ወደ ፈለገበት መሄድ ይችላል። ይህ መብት ከድሮ ጀምሮ የነበረ እንዳይመስላችሁ። ዣን ማርክ ቦስማን የሚባል ቤልጂየማዊ ተጫዋች ውሉ አልቆ ክለቡ አልለቅህም ስላለው ከሰሰ። በፈረንጆቹ 1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት ለእሱ ፈረደለት። ከዛ በኋላ የዓለም እግር ኳስ ተለወጠ።

ተጫዋች በፈለገበት ቀን ክለብ መቀየር አይችልም። ፌዴሬሽኑ የሚከፍተው የዝውውር መስኮት የሚባል ጊዜ አለ። ዋናው በክረምት ነው፤ በውድድሩ አጋማሽም አጭር መስኮት አለ። መስኮቱ ከተዘጋ በቃ፣ ክለቡ ባለው ተጫዋች ይጫወታል። ስለዚህ ክረምት ለክለብ ልክ እንደ ፈተና ዝግጅት ነው። የተሳሳተ ነገር ካጠናህ መስከረም ላይ ማረም ይከብድሃል።

አንደኛ፦ ማን ይቆይ?

ሁላችንም የምናየው የሚገባውን ተጫዋች ነው። ጥሩ ክለብ ግን መጀመሪያ የሚያየው የሚወጣውን ነው ብዬ አስባለሁ። የማን ውል አለቀ? ማን ሌላ ክለብ ይፈልገዋል? ማን ተጎድቷል? የማን እድሜ ገፋ? ቡድኑን የያዘው ምሰሶ ከሄደ አምስት አዲስ ሰው ብታመጣም ቤቱ ሊያዘነብል ይችላል።

ለምሳሌ ጅማ አባ ጅፋርን እንይ። በ2010 ዓ.ም ፕሪሚየር ሊጉን ገና በተቀላቀለበት ዓመት ዋንጫውን አነሳ። ሀገሩ ሁሉ ተገረመ! የዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበር። ከዋንጫው በኋላ ኦኪኪ ሄደ። ክለቡም በዚያ ጥንካሬ መቀጠል አልቻለም። በ2014 ዓ.ም ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ዋንጫ ካነሳ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

ደደቢትም አለ። በ2005 ዓ.ም ቻምፒዮን ሆነ። ጌታነህ ከበደ ጎል እየደጋገመ የሚያስቆጥርበት ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም ግን ያ ትልቅ ቡድን ወረደ። የወረደበት ምክንያት አንድ ብቻ ነው አልልም። ግን ማምጣት ብቻውን እንደማይበቃ፣ ማቆየትም ሥራ እንደሆነ ያሳየናል።

ሁለተኛ፦ ምን ጎደለ?

እናቴ ገበያ ከመሄዷ በፊት ጓዳ ገብታ ታያለች። ዘይት አልቋል? በርበሬ አለ? ሽንኩርት ስንት ቀረ? ካላየች ሽንኩርት በሞላበት ቤት ሌላ ሽንኩርት ተሸክማ ትመጣለች፣ ወጡ ግን በዘይት እጥረት አይሠራም። ክለብም እንደዛ ነው። አራት ጥሩ አጥቂ ያለው ክለብ አምስተኛ አጥቂ ቢያስፈርም ደጋፊው ያጨበጭባል። ሜዳ ላይ ግን ሁሉም ባንዴ አይገቡም። የግራ ተከላካይ ከሌለ ተጋጣሚ በዚያ በኩል ይመላለስበታል።

ጉድለትን ለማወቅ ያለፈውን ዓመት ጨዋታ መመርመር ያስፈልጋል። የገቡብን ጎሎች ከየት በኩል መጡ? በስንተኛው ደቂቃ? ከማዕዘን ምት ነው ወይስ ኳስ ተነጥቀን? ሁልጊዜ ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ የሚገባብን ከሆነ ችግሩ የአካል ብቃት ወይም የተቀያሪ ማነስ ሊሆን ይችላል። አሁን አምስት ተጫዋች መቀየር ስለሚቻል ጥሩ ተቀያሪ የሌለው ቡድን ይጎዳል።

ትልልቆቹም በዚህ ይሳሳታሉ። የፈረንሳዩ ፓሪስ ሴንት ዠርሜን በፈረንጆቹ 2017 ኔይማርን በ222 ሚሊዮን ዩሮ ገዛ። እንዲህ ያለ ዋጋ በዓለም ታይቶ አይታወቅም ነበር። በዚያው ክረምት ምባፔ መጣ። በ2021 ደግሞ ሜሲ ተጨመረ። ሦስቱ አብረው ሁለት ዓመት ተጫወቱ፣ የአውሮፓ ቻምፒየንስ ሊግን ግን አላነሱም። በ2024 ምባፔ ውሉ አልቆ በነፃ ወደ ሪያል ማድሪድ ሄደ። ብዙ ሰው «ፓሪስ አለቀለት» አለ። ምን ሆነ መሰላችሁ? በቀጣዩ ዓመት በፍጻሜው ኢንተር ሚላንን 5 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሁለት ጎል ያገባው ዱዌ ገና 19 ዓመቱ ነበር። ኮከብ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ዱዌም ደምበሌም ኮከብ ናቸው። ግን ሁሉም ይሮጡ ነበር፣ ሁሉም ኳስ ለማስጣል ይመለሱ ነበር። ቦታው ሁሉ ተሸፍኖ ነበር።

ሦስተኛ፦ ከየት ይምጣ?

የጎደለው ከታወቀ በኋላ የሚሞላበት አራት መንገድ አለ። አንዱ ውል ያለውን ተጫዋች ገንዘብ ከፍሎ መውሰድ ነው። ሁለተኛው ውሉ ያለቀውን በነፃ ማስፈረም ነው። በነፃ ሲባል ግን ደመወዝ አለው። ሦስተኛው በውሰት መውሰድ ነው፤ ተጫዋቹ ለጊዜው ይጫወትና ወደ ክለቡ ይመለሳል። አራተኛው ከራስ ታዳጊ ቡድን ማሳደግ ነው።

የሀገራችን ክለቦች ብዙዎቹ የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት ገንዘብ ነው። የእኛም ሀዋሳ ከተማ እንደ ስሙ የከተማው ክለብ ነው። ስለዚህ የሚከፈለው ብር የሕዝብ ነው። በ2011 ዓ.ም ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦች ተሰብስበው የአንድ ተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ የተስማሙት ወጪው ስላስጨነቃቸው ነው። ሽንኩርት በሞላበት ቤት ሽንኩርት ሲገዛ የሚባክነው የሁላችንም ገንዘብ ነው ማለት ነው።

አራተኛው መንገድ ለሀዋሳ ልጅ አዲስ አይደለም። ሀይቆቹ የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሁለት ጊዜ፣ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም አንስተዋል። አዳነ ግርማና ሽመልስ በቀለ የዚሁ ከተማ ልጆች ናቸው። ሁለቱም ለሀዋሳ ከተማ ተጫውተው ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሄዱ። ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ በ2005 ዓ.ም ወደ አፍሪካ ዋንጫ ስትመለስ ዛምቢያ ላይ ጎሏን ያገባው አዳነ ነው። ሽመልስ ደግሞ ግብፅ ድረስ ሄዶ ለብዙ ዓመት ተጫውቷል።

እዚህ ላይ እኔን በጣም የገረመኝን ነገር ልንገራችሁ። በፊፋ ሕግ አንድ ተጫዋች ውሉ ሳያልቅ ከሀገር ወደ ሀገር ሲሸጥ ከዋጋው 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ለምሳሌ ዋጋው 10 ሚሊዮን ብር ቢሆን 500 ሺህ ብሩ ለአሳዳጊዎቹ ነው። አስቡት፣ ከ12 ዓመት ጀምሮ! እኛ 13 ዓመታችን ነው። ማለትም በእኛ እድሜ የሚሰጥ ሥልጠና በዓለም ሕግ ዋጋ አለው። ግን ያንን ለማግኘት ልጁ በክለቡ መመዝገብ አለበት። መዝገብ የሌለው ክለብ «እኔ ነኝ ያሳደግኩት» ቢል ማን ያምነዋል?

አራተኛ፦ መላመድ

አዲስ ተጫዋች እንደ አዲስ ተማሪ ነው። መስከረም ላይ ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ጎበዝ ቢሆንም መጀመሪያ ዝም ይላል፣ ቦታውን አያውቅም። አሥር አዲስ ተጫዋች ባንዴ ከገባ ማን ለማን እንደሚያቀብል እንኳን አይተዋወቁም። ለዛ ነው ክለቦች ሊጉ ሳይጀመር ሰብሰብ ብለው ዝግጅት የሚያደርጉት። አንዳንዱ ቶሎ ይሳካለታል። ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ባደገበት ዓመት፣ በ2016 ዓ.ም ቻምፒዮን ሆኗል። ኢትዮጵያ መድን ግን ካደገ በኋላ በሦስተኛ ዓመቱ፣ በ2017 ዓ.ም ነው ያነሳው። ስለዚህ ደጋፊም በሁለት ጨዋታ «አሰልጣኙ ይውጣ!» ባይል ጥሩ ነው።

ወደ እኛ ቡድን ስንመጣ

አሁን ቃል የገባሁትን ልንገራችሁ። አምና የ8ኛ ክፍል ልጆች ሚኒስትሪ ተፈትነው ሲሄዱ ቡድናችን ባዶ ሆነ። መስከረም ላይ ምርጫ ሲደረግ ሁላችንም አጥቂ ነኝ አልን። የተመረጡት ፈጣን ሯጮች ነበሩ። አራት አጥቂ ነበረን፣ የግራ ተከላካይ ግን አልነበረንም። እኔ ተቀያሪ ስለነበርኩ ከመስመር ውጭ ሆኜ ደብተር ላይ እጽፍ ነበር።

ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ስንጫወት 5 ለ 1 ተሸነፍን። ሁላችንም በረኛው ላይ ጮህን። የ6ኛ ክፍል ልጅ ነው። እኔም ጮኼበታለሁ። ማታ ቤት ገብቼ ደብተሬን ሳየው ግን አምስቱም ጎሎች የመጡት ከግራ በኩል ነበር። ማንም ባልነበረበት በኩል! አንድ በረኛ ብቻውን ምን ያድርግ?

ከዛ ቀን ጀምሮ ልጁ ልምምድ አልመጣም። እኛም አንድ ተከላካይ አውጥተን በረኛ አደረግነው። አሁን ደግሞ የጎደለው ቦታ ሁለት ሆነ። ከቀሪዎቹ አራት ጨዋታዎች ያሸነፍነው አንዱን ብቻ ነው። እንግዲህ አያችሁ፣ ጉድለቱን ሳናይ ሰው አባረርን።

ዘንድሮም ከ11 ቋሚ ተሰላፊዎቻችን 7ቱ የ8ኛ ክፍል ስለሆኑ ይሄዳሉ። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ለስፖርት መምህራችንና ለቡድኑ ሦስት ነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

1ኛ. ምርጫው መስከረም ላይ ባንድ ቀን ከሚሆን አሁን ሰኔ ሳይገባ ይጀመር። የሚሄዱት የ8ኛ ክፍል ወንድሞቻችን ቦታቸውን ለሚተኩ ልጆች ሁለት ቅዳሜ ያሳዩልን።

2ኛ. መጀመሪያ የጎደሉት ቦታዎች ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከዛ ማን የት ይጫወታል ይባል። እኔ ራሴ አጥቂነቱን ትቼ የግራ ተከላካይ ለመሞከር ስሜን የመጀመሪያው ላይ አስመዘግባለሁ።

3ኛ. የቡድኑ መዝገብ ይኑር። ማን ተጫወተ፣ ጎል በየት በኩል ገባ የሚለውን የሚኒ ሚዲያ ክበባችን ይጽፋል። ደብተሬን አስረክባለሁ።

የመጨረሻው ቃሌ ለበረኛችን ነው። ስምህን አልጽፍም፣ ግን ታውቀዋለህ። አምስቱ ጎል ያንተ ጥፋት አልነበረም። ደብተሩ እጄ ላይ ስላለ መጥተህ ማየት ትችላለህ። እኔ ስለጮህኩብህ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ጓንትህ አሁንም ስፖርት ክፍል ውስጥ፣ ኳሶቹ ካሉበት ጆንያ በላይ ተሰቅሏል። ቅዳሜ 2:00 ሰዓት ልምምድ አለን።

ለዛሬ በዚህ አበቃሁ። መልካም ክረምት፣ ቸር ይግጠመን!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ የስፖርት ዓምድ አዘጋጅ፣ 7ኛ ክፍል