ኢንሹራንስ ቢሮ የሚውለው ገጣሚ

«ጊዜ አጣሁ እንጂ እጽፍ ነበር» ለምትሉኝ ሁሉ፣ የዛሬው ለእናንተ ነው።

ሰውየው ቴድ ኩዘር ይባላል። በ1939 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) አዮዋ ውስጥ፣ ኤምስ በምትባል ከተማ ተወለደ። ለድኅረ ምረቃ ኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ሐሳቡ ሁሉ ግጥም ላይ ሆነና ትምህርቱ አልሆነለትም፤ ዲግሪውን የያዘው ኋላ ላይ ሥራ እየሠራ ነው። እንጀራ ፍለጋ ሊንከን ከተማ ኢንሹራንስ ኩባንያ ተቀጠረ። ሥራው ከሠላሳ ዓመት በላይ ያዘው፤ ጡረታ ሲወጣ ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር።

ታዲያ መቼ ጻፈ? ሌሊት አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ እየተነሣ። ቡናውን ይዞ ደብተሩ ላይ ይቀመጣል፤ አንድ ሰዓት ሲሆን ለባብሶ ወደ ሥራ።

ቢሮ ከገባ በኋላ የሚያደርገው ነገር ነው እኔን የገረመኝ። የጻፈውን ለጸሐፊው ያሳያታል። ካልገባት አይከራከራትም፣ አያብራራላትም፤ ወረቀቱን መልሶ ይወስድና እንደገና ይሠራዋል። ግጥሞቹን «ቀለል ይላሉ» ብለው የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ አልቀበልም። እንዲህ የጠራ ነገር የሚገኘው ተሰርዞ፣ ተደልዞ ነው። ከብዙ ሃያሲ ያቺ ጸሐፊ ሳትጠቅመው አልቀረችም።

በ1998 ካንሰር ያዘው። ቀዶ ሕክምናውና ጨረሩ ሲያልቅ ሐኪሙ ለአንድ ዓመት ፀሐይ እንዳይነካው ከለከለው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ እየወጣ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ይራመድ ጀመር። መጻፍ ትቶ ነበር ማለት ይቻላል። ኅዳር ላይ፣ አንድ ቀን ከእግር ጉዞው ሲመለስ እጁ ወደ ብዕር ሄደ፤ ከዚያ በየቀኑ ሆነ። ግጥሞቹን ፖስትካርድ ላይ እየለጠፈ ለወዳጁ ለደራሲ ጂም ሃሪሰን ይልክለት ነበር። ከእነዚህ መቶው «የክረምት ማለዳ የእግር ጉዞዎች» በሚል መጽሐፍ ሆነው ወጡ። እያንዳንዱ ግጥም ከአናቱ ላይ ቀኑንና የዕለቱን አየር ጠባይ ይዟል፤ ስለ ሕመሙ ግን ብዙም አያወራም።

ከዚያ በ2004 የአሜሪካ ሎሬት ገጣሚ ተባለ፣ በ2005 ፑሊትዘር ተሸለመ። ሽልማቱን ተዉት፤ ከዚያ ይልቅ ለጋዜጦች በነፃ የሚሰጥ ሳምንታዊ የግጥም ዓምድ ጀመረ። ግጥም ፈልጎ መጽሐፍ ቤት የማይሄድ ሰው ጋዜጣው ላይ እንዲያገኘው ነው።

ዓምዱን ኋላ ላይ የተረከበው ጋና ተወልዶ ጃማይካ ያደገው ክዋሜ ዳውስ ነው። ወዲህ ወደኛ የሚያመጣ ክር አለው፦ ዳውስ የመሠረተው የአፍሪካ ግጥም መጽሐፍ ፈንድ የትውልደ ኢትዮጵያዊቷን ገጣሚ የማህተም ሽፈራውን «ፉሺያ» በ2016 በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት በኩል አሳትሟል።

የኩዘር እንግሊዝኛ አያስቸግርም። በፖስትካርዶቹ ጀምሩ፣ ከዚያ ማህተምን አንብቡ፤ የቱ እንደያዛችሁም ጻፉልኝ።