የዝሆን ራስ ያለው ጸሐፊ

የሕንድን ሐውልትና ሥዕል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። አንዱ ምስል አራት እጅ አለው፤ አንዱ አንበሳ ላይ ተቀምጧል፤ ሌላው ደግሞ አካሉ የሰው ሲሆን ራሱ የዝሆን ነው። ነገር ግን፥ ውድ አንባቢዎች፥ እነዚህ ምስሎች የተሠሩት ለመታየት ብቻ ሳይሆን ለመነበብም ጭምር ነው። ፊደል ያልቈጠረ ሰው መጽሐፍ ቢገልጥ ጭረት ብቻ እንደሚያይ ሁሉ፥ ምልክታቸውን ያላወቀም የሚያየው ድንጋይና ነሐስ ብቻ ነው። እንግዲህ ዛሬ አንዱን መርጠን አብረን እናንብብ፤ እርሱም ለተማሪና ለጸሐፊ ቅርብ የሆነው ጋኔሻ ነው።

ሕንዶች እንደሚተርኩት፥ የሺቫ ሚስት ፓርቫቲ ባሏ በሌለበት አንድ ልጅ ከገላዋ ሠርታ ነፍስ ዘራችበትና ስትታጠብ በር ጠባቂ አደረገችው። ሺቫ ሲመለስ የማያውቀው ልጅ አላስገባም ቢለው ተቈጥቶ ራሱን ቈረጠው። የእናቲቱ ኀዘን በበረታ ጊዜ ግን ተጸጸተና መጀመሪያ የተገኘው ፍጥረት ራስ እንዲመጣ አዘዘ፤ የተገኘውም ዝሆን ነበረ።

አሁን ምስሉን እንመልከት። እጆቹ አራት የሆኑት ቀራፂው ብዙ ሥልጣን በአንድ አካል ለማሳየት ስለ ፈለገ ነው። ብዙ ጊዜ በአንዱ እጁ መጥረቢያ ይይዛል፤ ይህም እንቅፋትን የሚቈርጥበት ነው። በሁለተኛው የባዘነውን የሚስብበት ገመድ አለ። በሦስተኛው የጣፋጭ ምግብ ሳሕን ይዟል፤ እርሱም የድካም ዋጋ ነው፤ ኩምቢውም ወደዚያው ያዘነብላል። ከእግሩ ሥር አይጥ አለች፤ ዝሆን በማያልፍበት ቀዳዳ አይጥ ታልፋለችና። ስለዚህም ሕንዳዊው ተማሪ ለፈተና ሲቀመጥ፥ ነጋዴውም ሱቅ ሲከፍት አስቀድሞ የሚጠራው ጋኔሻን ነው።

በአራተኛው እጁ የያዘው የገዛ ራሱን የተሰበረ ጥርስ ነው። በጽሕፈት ሥራ የምትውሉ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። ቪያሳ የተባለው ሊቅ ማሃባራታን በቃሉ ሲደርስ የሚጽፍለት ፈለገ። ጋኔሻ ንግግሩ ሳይቋረጥ ከተነገረው እንደሚጽፍ ተናገረ፤ ቪያሳም በበኩሉ ያልገባውን ቃል እንዳይጽፍ ውል አስገባው። ጸሐፊው ሲፈጥንበት ሊቁ ከበድ ያለ ነገር ይነግረዋል፤ ጸሐፊው ሲያስብ ሊቁ የሚቀጥለውን ያዘጋጃል። ብዕሩ በተሰበረ ጊዜም ሥራው እንዳይቆም ጋኔሻ ጥርሱን ሰብሮ ብዕር አደረገው ይባላል።

ከሕንድ የወጡት ምስሎች በአብዛኛው የሄዱት በነጋዴዎችና በካህናት እጅ ነው። ወደ ምዕራብም ተጕዘዋል። በ1940 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በአገራችን በደብረ ዳሞ ከ100 የሚበልጡ የኩሻን ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል። እነዚህ ነገሥታት ሰሜን ሕንድን ይገዙ የነበሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የጋኔሻን አባት ሺቫን ከበሬው ጋር በሳንቲማቸው ያስቀርጹ ነበር።

ወደ ምሥራቅ የተጓዘው ጋኔሻ ግን በየአገሩ ጠባዩን ለውጧል። በጃፓን ካንጊተን ይባላል። በቻይና በኩል ከቡድሃ ሃይማኖት ጋር የገባ ሲሆን፥ ብዙ ጊዜ የሚሠራው የዝሆን ራስ ያላቸው ሁለት ሰዎች ተቃቅፈው ነው። የሚያስደንቀው፥ ምስሉ በቤተ መቅደስ ውስጥ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ ምእመናኑ አያዩትም። በታይላንድ ደግሞ የኪነ ጥበብ መሥሪያ ቤቱ ዐርማ ሆኗል።

በምሥራቅ ጃቫ በሲንጎሳሪ ቤተ መቅደስ የነበረው ጋኔሻ ከሁሉ ይለያል። ቤተ መቅደሱ በ1292 ለሞተው ለንጉሥ ከርታናጋራ መታሰቢያ እንደ ተሠራ ይነገራል። በዚያ የነበረው ጋኔሻ የተቀመጠው በራስ ቅሎች ላይ ነው፤ እንቅፋትን የሚያነሣው ሞትንም የሚረግጥ ሆኖ ታየ ማለት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሆላንድ ሹማምንት የቤተ መቅደሱን ሐውልቶች ነቅለው ወሰዱ፤ ብዙ ዘመንም በላይደን ከተማ ሙዚየም ቆሙ። እዚያ የሚያደንቃቸው አላጡም፤ ነገር ግን በሠራቸው ሕዝብ መካከል አልነበሩም። ኔዘርላንድ በ2023 እና በ2024 ከሲንጎሳሪ የተወሰዱ ሐውልቶችን፥ ጋኔሻንም ጭምር፥ ለኢንዶኔዥያ መለሰች።

ኢንዶኔዥያ አብዛኛው ሕዝቧ እስላም ነው። ታዲያ የጣዖት ምስል ምን ያደርግላታል ትሉ ይሆናል። በ1998 የወጣውን የ20,000 ሩፒያ ገንዘብ ብታዩ መልሱን ታገኛላችሁ፤ ከታላቁ የትምህርት አባት ከኪ ሐጃር ደዋንታራ ሥዕል አጠገብ ጋኔሻ ታትሞበታል። የባንዱንግ የቴክኖሎጂ ተቋምም ዐርማው እርሱ ነው። የማያመልኩት ሰዎች የትምህርት ምልክት አድርገው አከበሩት፤ የአያቶቻቸውን ጽሕፈት ማንበብ አልረሱምና።

እንግዲህ፥ አንባቢዎች ሆይ፥ የሌላ ሕዝብ ምስል ሲያጋጥማችሁ ከመሳቃችሁ በፊት እጆቹ የያዙትን፥ እግሮቹ የረገጡትን መርምሩ። ቪያሳ ጸሐፊውን ያስገባው ውል ለተመልካችም ይሠራል፤ ያልገባችሁን አትፍረዱበት።