አሰልጣኝ ሲቀየር ምን ይቀየራል? የሴቶች ራግቢ ሊግን አሰላለፍ ማንበብ

በአውስትራሊያ የኒውካስል ከተማ የሴቶች ራግቢ ሊግ ቡድን ናይትስ ይባላል። ይህ ቡድን በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት የውድድር ዘመን አሳልፏል፤ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት የ2021 ውድድር ወደ 2022 መጀመሪያ ተላልፎ ነበርና። በመጀመሪያው አምስት ጨዋታ አድርጎ አምስቱንም ተሸነፈ። በኦክቶበር ደግሞ ፓራማታ ኢልስን በፍጻሜው 32 ለ 12 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። በመካከሉ አሰልጣኙ ተቀይሯል፤ አዲሱ ሮናልድ ግሪፊትስ ነው።

ይህን የሰማ ሁሉ “አሰልጣኙ ነው ያዳናቸው” ማለቱ አይቀርም። መልሱ ግን ግማሽ ብቻ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው ከጨዋታው በፊት በሚወጣው የተሰላፊዎች ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩን ማንበብ የቻለ ሰው አሰልጣኝን ሲያመሰግንም ሆነ ሲወቅስ ፍርዱ የተሻለ ይሆናል።

በመጀመሪያ ስለ ጨዋታው ጥቂት እንበል። ራግቢ ሊግ በ1895 በሰሜን እንግሊዝ ሃደርስፊልድ ከተማ ክለቦች ከነባሩ ራግቢ ተለይተው የመሠረቱት ስፖርት ነው። በሜዳ ላይ ከየቡድኑ 13 ተጫዋቾች ይሰለፋሉ። ኳስ የያዘው ቡድን እየሮጠና ወደ ኋላ እየተቀባበለ ወደፊት ይገፋል። ባላጋራ ስድስት ጊዜ ይዞ እስኪጥለው ድረስ ዕድል አለው፤ ከዚያ ኳሱን ያስረክባል። ኳሱን ከባላጋራ የግብ መስመር በስተጀርባ መሬት ያስነካ ትራይ አገባ ይባላል፤ 4 ነጥብ ያስገኛል።

በዚህ ስፖርት የማሊያ ቁጥር የተጫዋቿን የሥራ ቦታ ይናገራል። ከ13ቱ መካከል አራቱን የጨዋታው ሰዎች “አከርካሪ” ይሏቸዋል፦ 1፣ 6፣ 7 እና 9። 1 ቁጥር ፉልባክ ናት። ከሁሉም በስተኋላ ቆማ ረጅም ምቶችን ትቀበላለች፤ ቡድኗ ሲያጠቃ ደግሞ ድንገት ከመስመሩ ገብታ ተከላካዮችን ታዛባለች። 6 እና 7 ጨዋታውን የሚመሩ ናቸው፤ ኳሱ ወደ የት ይሂድ፣ መቼ በእግር ይመታ የሚለውን ይወስናሉ። 9 ቁጥር ሁከር ስትሆን ከእያንዳንዱ መያዝ በኋላ ኳሱን ከመሬት አንስታ የምታስጀምረው እሷ ናት። የቀሩት ዘጠኙ ጉልበቱን፣ ፍጥነቱንና መከላከሉን ያመጣሉ። ኳሱ ግን ብዙውን ጊዜ በእነዚህ በአራቱ እጅ ያልፋል።

አሁን ወደ ናይትስ እንመለስ። ለ2022 ሁለተኛው የውድድር ዘመን ቡድኑ ከአሰልጣኙ ጋር አከርካሪውንም አድሷል። ከያኔዎቹ ምርጥ ፉልባኮች አንዷ የነበረችው ታሚካ አፕተን ከብሪስቤን ብሮንኮስ ተዛውራ 1 ቁጥሩን ያዘች። ከእሷ ጋር ከዚያው ክለብ ጉልበተኛዋ የፊት ተጫዋች ሚሊ ቦይል መጣች። 7 ቁጥሩ ለ17 ዓመቷ ጄሲ ሳውዝዌል ተሰጠ። ያን ጊዜ የተጫዋቾች ውል በአብዛኛው ለአንድ የውድድር ዘመን ብቻ ስለሚፈረም፣ ጎበዝ ተጫዋች መልማይ ያገኘ ክለብ በጥቂት ወራት ውስጥ አዲስ ቡድን መሥራት ይችል ነበር። በፍጻሜው የኮከብነት ሜዳሊያውን የወሰደችው አፕተን ናት።

ታዲያ ዋንጫው የግሪፊትስ ነው ወይስ የአፕተን? ነገሩ የተለየው በ2025 ነው። አፕተን ወደ ብሮንኮስ ተመለሰች። ብሮንኮስ አሰልጣኙን አልቀየረም፤ ከ2023 ጀምሮ የሚመራው ስኮት ፕሪንስ ነበር። ሆኖም ክለቡ ሲድኒ ሩስተርስን 22 ለ 18 አሸንፎ ከ2020 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ አገኘ። አንድ ቡድን አሰልጣኝም ፉልባክም ቀይሮ አሸነፈ፤ ሌላው አሰልጣኙን ይዞ ፉልባኳን መልሶ አሸነፈ። ሁለቱ የሚጋሩት 1 ቁጥሩን ነው።

ይህ ማለት አሰልጣኝ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። ግሪፊትስ በ2023 ጎልድ ኮስት ታይታንስን በፍጻሜው 24 ለ 18 አሸንፎ ዋንጫውን ደግሟል፤ ድጋሚ ማሸነፍ ደግሞ የአንድ ዝውውር ፍሬ ብቻ አይሆንም። ጎበዝ ተጫዋች ወደ ክለቡ እንድትመጣ የሚያሳምን፣ የ17 ዓመት ልጅ ላይ እምነት የሚጥል፣ የመጡትን አንድ ላይ የሚያጫውት አሰልጣኙ ነው። የክለቦች የደመወዝ ወጪ በጣሪያ የተገደበ መሆኑም ምርጫውን ያከብደዋል። በ2023 በተጀመረው የአምስት ዓመት ስምምነት ጣሪያው ለአንድ ክለብ በመጀመሪያው ዓመት 900,000 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ለፉልባክ ብዙ የከፈለ ክለብ ከሌላ ቦታ መቀነስ አለበት። ማንን ማስቀረት እንዳለበት ያወቀ አሰልጣኝ ማንን መግዛት እንዳለበት ካወቀው አያንስም።

የሴቶቹ ውድድር አጭር መሆኑ ደግሞ የምርጫን ስህተት ያከብዳል። በ2018 በአራት ክለቦች የተጀመረው የአውስትራሊያ ሊግ በ2022 መደበኛ ውድድሩ አምስት ዙር ብቻ ነበረው። በ2023 ወደ ዘጠኝ፣ ክለቦቹ 12 በደረሱበት በ2025 ደግሞ ወደ 11 ዙር አድጓል። በአምስት ዙር ውድድር ሁለት ሳምንት የተሳሳተ 7 ቁጥር ያሰለፈ አሰልጣኝ ለማረም ጊዜ የለውም። “ትንሽ እንታገስ” የሚለው ምክር እዚህ ከሌላ ስፖርት ይልቅ ብዙ ያስከፍላል፤ የአሰልጣኝ ስንብት ጥያቄም ቶሎ የሚነሳው በዚህ ነው።

ዝውውር በሌለበት ሜዳ ግን አሰልጣኝን በራሱ ሚዛን መመዘን ይቻላል። ኒው ሳውዝ ዌልስና ኩዊንስላንድ የሚፋጠጡበት ስቴት ኦፍ ኦሪጅን እንዲህ ያለ ነው። ተጫዋች አይገዛም፤ እያንዳንዱ ግዛት ከራሱ ልጆች ይመርጣል፤ ሁሉም ክለባቸውን ትተው ለጥቂት ቀናት ብቻ ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ምርጫው ራሱ የአሰልጣኙ ዋና ሥራ ነው።

በ2023 ሁለት ጨዋታ ተደረገ፤ አንዱን ኩዊንስላንድ 18 ለ 10፣ ሌላውን ኒው ሳውዝ ዌልስ 18 ለ 14 አሸነፈ። ዋንጫው በነጥብ ድምር 32 ለ 28 ለኩዊንስላንድ ሆነ። በ2024 ጨዋታው ሦስት ሲሆን ኒው ሳውዝ ዌልስን የያዘው ጆን ስትሬንጅ ነበር። የመጀመሪያውን 22 ለ 12 አሸነፈ፤ ሁለተኛውን በአንድ ነጥብ፣ 11 ለ 10፣ ተነጠቀ፤ ሦስተኛውን 22 ለ 6 ተሸነፈ። ያቺን አንድ ነጥብ ያስገኘችው የኩዊንስላንዷ ሎረን ብራውን ናት፤ ኳሷን መሬት አስነክታ በእግሯ በምሰሶዎቹ መካከል አሳለፈቻት። በ2021ም በ8 ለ 6 ውጤት ወሳኙን ቅጣት ምት የመታችው እሷው ነበረች። በመጨረሻው ደቂቃ እግሯ የማይንቀጠቀጥ ተጫዋች በዝርዝሩ ላይ መኖሯ የዓመት ውጤት ሲወስን በግልጽ ይታያል።

ኒው ሳውዝ ዌልስ ስትሬንጅን አላሰናበተም። በ2025 የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች 32 ለ 12 እና 26 ለ 6 አሸንፎ ዋንጫውን መለሰ። በአንድ ነጥብ የተነጠቀ ዓመት አሰልጣኝን ለማባረር በቂ ምክንያት አልነበረም፤ ሁለት ዓመት የተሰጠው ሰው ልጆቹን አውቆ መረጠ።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የማይረሳ አንድ ሰብዓዊ ጉዳይ አለ። ከብዙዎቹ ተጫዋቾች ሕይወት ራግቢው አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ ሥራ፣ ትምህርት፣ ቤተሰብ አለ። ከዝርዝሩ የቀረች ተጫዋች ስሟ እንዳልተጠራ ከሕዝብ ጋር እኩል መስማት የለባትም። ጥሩ አሰልጣኝ ዝርዝሩ ከመውጣቱ በፊት ጠርቶ ምክንያቱን ይነግራታል፤ ለመመለስ ምን ማስተካከል እንዳለባትም ያሳያታል። ይህ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ሥራም ነው። በሚቀጥለው ሳምንት አንዷ ብትጎዳ የምትጠራው ያቺው ተጫዋች ናት፤ ቅር ብሏት የመጣች እንደሆነ ቡድኑ በሙሉ ይከፍላል።

እንግዲህ ሌላ ጊዜ የአሰልጣኝ ለውጥ ዜና ሲሰሙ ሦስት ነገር ይመልከቱ። አንደኛ፣ 1፣ 6፣ 7 እና 9 ቁጥሮች እነማን ነበሩ፣ አሁንስ እነማን ናቸው? ሁለተኛ፣ አሰልጣኙ ለመሥራት ስንት ዙር ተሰጠው? ሦስተኛ፣ ከዝርዝሩ የወጡት ተጫዋቾች በምን ሁኔታ ወጡ፣ ተመልሰውስ ይጫወታሉ? ናይትስ በአምስት ሽንፈት የጀመረውን ዓመት በዋንጫ የጨረሰበትን ምስጢር የሚገልጡት እነዚህ ጥያቄዎች ናቸው። የአሰልጣኙ ስም የዜናው ርዕስ ይሆናል፤ ዝርዝሩ ግን ሥራውን ያሳያል።