የሩቁን ማከማቻ በሊኑክስ ላይ የቅርብ ስለ ማድረግ

ብዙ ኮምፒውተሮች ሰነዶቻቸውን በአንድ የጋራ ማከማቻ ላይ ለማኖር በሚሹበት ጊዜ፣ ሊኑክስ ከዩኒክስ በወረሰው ሥርዓት መሠረት፣ ሩቁ ዲስክ እንደ ዊንዶውስ የራሱ ፊደል ተሰጥቶት ለብቻው የሚቆም ሳይሆን፣ ኤምኤንቲን በመሰለ ፎልደር ሥር ተቀጽሎ የዚያው የኮምፒውተሩ አካል እንደ ሆነ ይነበባል፤ ይህንንም ባለሙያዎቹ «ማውንት ማድረግ» ይሉታል። ርቀትን እንዲህ መሰወር ታላቅ ጥበብ መሆኑ ባይካድም፣ በዚህ መስክ የሚያጋጥመው ችግር አብዛኛው የሚመነጨው ከዚሁ ከመሰወሩ ይመስለኛል።

ሩቁን ማከማቻ ማውንት ለማድረግ ከሚያስችሉት ፕሮቶኮሎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1984 በሳን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ የተወጠነው ኤንኤፍኤስ ሲሆን፣ እምነቱ ከጥንት ጀምሮ የየዋህ እምነት ነው፤ ተጠቃሚውን የሚያውቀው በስሙም በይለፍ ቃሉም ሳይሆን፣ ኮምፒውተሩ «የዚህ ሰው ቁጥር 1000 ነው» ብሎ በሚሰጠው ምስክርነት ብቻ ስለ ሆነ፣ በየላፕቶፓቸው 1000 ቁጥርን የያዙ ሁለት ባዕዳን በማከማቻው ዘንድ እንደ አንድ አካል ይቆጠራሉ። ሩት የተባለው ባለ ሙሉ ሥልጣን እንኳ ከሰርቨሩ ደጃፍ ሲደርስ፣ የተለመደው ደንብ ካልተሻረ በቀር፣ ማዕርጉ ተገፎ «ኖባዲ» የሚባል ተራ ሰው ይሆናል። አራተኛው እትም ኬርቤሮስ የተባለውን የማንነት ማረጋገጫ እንዲይዝ ቢደነገግም፣ እርሱን መትከል አድካሚ በመሆኑ አሮጌው የዋህነት በብዙ ስፍራ እንደ ነገሠ ይኖራል።

ሰርቨሩ በድንገት ቢጠፋ ደግሞ ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ ስሕተት ከማስታወቅ ይልቅ፣ ሰርቨሩ እስኪመለስ ድረስ ደጋግሞ እየጠየቀ ይጠብቃል፤ ከዚህም የተነሣ በዚያ ፎልደር ውስጥ ፋይሎቹን ለመዘርዘር «ኤልኤስ» ብሎ የጻፈ ሰው ተርሚናሉ ደርቆ ይቀርበታል። «ሶፍት» የሚባለው ምርጫ ለጥበቃው ወሰን ያበጅለታል፤ ሆኖም በጽሕፈት መካከል የተቋረጠ ፋይል ጎደሎ ሊሆን ስለሚችል፣ ለማንበብ ብቻ ካልሆነ በቀር እኔ አልመርጠውም።

ሁለተኛው ፕሮቶኮል ኤስኤምቢ በአይቢኤም ተፀንሶ በማይክሮሶፍት እጅ ያደገ ነው። ለዩኒክስ ዓለም በር የከፈተለት፣ በካንቤራ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል ከ1991 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የጻፈው፣ በኋላ ሳምባ የተባለው ፕሮግራም ነበር፤ ሰውየውም ምሥጢሩን የሚገልጥ ሰነድ ሳይኖረው፣ በኔትወርኩ የሚያልፈውን ምልልስ እየተመለከተ ሕጉን ደረሰበት። ማይክሮሶፍት ሰነዶቹን ለሳምባ ጸሐፍት የሰጠው የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2004 ከወሰነበትና አቤቱታውም በ2007 ውድቅ ከሆነ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ዋናክራይ የተባለው ጥፋት በኤስኤምቢ የመጀመሪያ እትም ቀዳዳ ገብቶ ዓለምን ባወከበት ዓመት፣ የሊኑክስ ከርነል 4.13 ይህን እትም ከተለመደ ምርጫነቱ ሻረው፤ በዚህም ምክንያት እስከ ትናንት ያለ እንከን ያገለግሉ የነበሩ አሮጌ የማከማቻ ሳጥኖች፣ መብራታቸው ብልጭ ድርግም እያለ፣ «ማውንት ኤረር 112፣ ሆስት ኢዝ ዳውን» ያሰኙ ጀመር። ሳጥኑ አልሞተም፤ እትሙ አልተስማማም እንጂ። «ቨርስ=1.0» ብሎ መጻፍ ሁለቱን ያስታርቃል፤ የሳጥኑን ሶፍትዌር ማደስ ግን ከዚህ ዕርቅ ይሻላል።

ማውንቱ ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር እንዲጸና የሚሻ ሰው በኤፍስታብ ፋይል ያሰፍረዋል፤ ነገር ግን ይህን ፋይል ማንኛውም ተጠቃሚ ሊያነበው ስለሚችል የይለፍ ቃልን በዚያ መጻፍ ነውር ነው፤ ባለቤቱ ሩት፣ ፈቃዱም 600 በሆነ ሌላ ፋይል ይቀመጣል። ከአንዱ ዋይፋይ ወደ ሌላው ለሚዘዋወር ላፕቶፕ ደግሞ፣ ኔትወርኩ በመታጣቱ መነሣቱ እንዳይታወክ «ኖፌይል»ን ጨምሮ፣ ፎልደሩ በተከፈተ ጊዜ ብቻ ማከማቻው እንዲቀጸል ለሲስተምዲ «አውቶማውንት» መተው ይበቃል።